ብሎኑን ከመፍታታችሁ በፊት ለኩ!

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፣ ትንሽም ይቆጣል። ቡና አስቀርባችሁ አንብቡት።

ጉዳዩ የአሮጌ መኪና ጉዳይ ነው። ቮልስ፣ ላዳ፣ ኮሮላ ዲኤክስ፣ የቤንዚን ላንድክሩዘር፤ በአጭሩ ኮፈኑ ሲነሳ ዲስትሪቢዩተር የሚታይበት መኪና ሁሉ። «ቲቸር፣ በዚህ ዘመን ስለ ዲስትሪቢዩተር ማን ይጽፋል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቆይ፣ እመለስበታለሁ። መኪናህ አዲስ ከሆነም አትለፈው፤ ወደ መጨረሻው አንተንም ያገኝሃል።

የምለው አንድ ነገር ነው። በከተሞቻችን ብዙ አሮጌ የቤንዚን ሞተር በእርጅና አልሞተም። የገደለው ሳይለካ ዲስትሪቢዩተር የሚያዞር እጅ ነው። ለዚያ እጅ ገንዘብ እየከፈልን ያቆየነው ደግሞ እኛው ባለመኪናዎቹ ነን።

ሁላችሁም የምታውቁትን ነገር ላስታውሳችሁ። ባለመኪናው ይመጣል፤ «ኃይል አጣች፣ ዳገት ላይ ትለግማለች» ይላል። መካኒኩ ኮፈኑን ያነሳል። ሞተሩ እየሠራ የዲስትሪቢዩተሩን ብሎን ያላላል፣ ጭንቅላቱን ይዞ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያዞራል፣ ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል። ሞተሩ ፈጠን ሲል ብሎኑን ያጠብቃል። «በቃ፣ አድቫንስ ሰጥቻታለሁ፣ አሁን ትበራለች!» ይላል። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ፑሌጃው ላይ ያለው ምልክት አልታየም፣ የፑንቲናው ክፍተት አልተለካም፣ አንድ አምፖል እንኳን አልበራም። መካኒኩ ተከፈለው፣ ባለመኪናው ተደሰተ።

ደስታው ግን ከነቀምቴ አይርቅም። ለምን መሰላችሁ? ሚኒሞ ላይ ያለ ሞተር እሳቱ ቀደም ባለ ቁጥር ፈጠን ማለቱ ባሕሪው ነው። ከሚገባው በላይ ሲቀድምም ለጊዜው ይፈጥናል። ስለዚህ መፍጠኑ ታይሚንጉ ልክ ለመሆኑ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ያ ድምፅ «ዞሬያለሁ» ይላል እንጂ «ቦታዬን አግኝቻለሁ» አይልም።

ሙያው ለሌለው ወዳጅ በአጭሩ ላስረዳ። ካንዴላው እሳት የሚሰጠው ፒስቶኑ ጫፍ ላይ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ቤንዚኑና አየሩ ተቀጣጥሎ ግፊት እስኪፈጥር ጊዜ ይወስዳላ! ይህን ቅድሚያ በክራንክሻፍት ዲግሪ እንለካዋለን። ለምሳሌ በብዙ የድሮ ቮልሶች፣ ሞተሩ ቆሞ ሲስተካከል፣ ከጫፍ በፊት 7.5 ዲግሪ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ያ አይበቃም። ስለዚህ በአብዛኛው ዲስትሪቢዩተር ሆድ ውስጥ ያሉ ሁለት ክብደቶች በዙሩ ኃይል ወደ ውጭ እየተከፈቱ ቅድሚያውን ይጨምራሉ። በጎን የተለጠፈው ቫኩም ደግሞ ሞተሩ ጭነት ሲቀልለት ተጨማሪ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ቤንዚን ስትረግጥበት መልሶ ይወስደዋል።

እስቲ እናስላ። በደቂቃ 3,000 ዙር የሚዞር ሞተር በሰከንድ 50 ዙር ይዞራል። በዲግሪ ሲሆን 18,000 ማለት ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ከሆነ በዚያ ፍጥነት በሰከንድ 100 ጊዜ እሳት ይሰጣል። የ10 ዲግሪ ስህተት ማለት እንግዲህ ከሚሊሰከንድ ግማሽ በጥቂቱ የምትበልጥ ጊዜ ናት። የሰከንድ አንድ ሺኛ ግማሽ! ይህችን የሚሰማ ጆሮ ያለው ሰው ካለ ያሳየኝ፣ እጁን እስማለሁ።

አሁን ወደ አገራችን አቀማመጥ እንምጣ። ነቀምቴ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው አየር ያንሳል፣ ግፊቱም ያንሳል፣ ቃጠሎውም ዘገም ይላል። ስለዚህ ሞተሩ ትርፍ አድቫንስ ቢጭኑበት ዝም ብሎ ይሸከማል። ከመናኸሪያ እስከ ባኬ ጀማ ስትነዳት «በረረች!» ትላለህ። ከዚያ ሰው ጭነህ፣ ዕቃ ጭነህ ወደ ጊምቢ ትወርዳለህ። ዴዴሳ ሸለቆ ስትደርስ ብዙ መቶ ሜትር ወርደሃል፤ አየሩ ወፍሯል፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። ድልድዩን ተሻግረህ ዳገቱን ስትያያዘው ቤንዚን መስጫውን እስከ ወለሉ ትረግጣለህ። ነቀምቴ ላይ አፉን ዘግቶ የነበረው ትርፍ አድቫንስ እዚያ ይናገራል። ምጣድ ላይ ፈንዲሻ ሲፈነዳ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ።

ያ ድምፅ ቀልድ አይደለም። በሥርዓት መቃጠል የነበረበት ቤንዚን በአንዴ ሲፈነዳ የሚሰማ ነው። ፒስቶኑን ይመታል፣ ሪንጉን ይመታል፣ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ይመታል። ሲደጋገም ፒስቶን ይበሳል። መኪናዋ ዳገቱ ወገብ ላይ ትቆማለች፣ ሰው ይወርዳል፣ ባለመኪናው ጎታች መኪና ይፈልጋል። በማግስቱ የሚባለው ምንድነው? «ሞተሯ አርጅቶ ነበር።» ያ የአምስት ደቂቃ ማዞር በማንም አፍ አይነሳም።

«ቤንዚኑ ነው እኮ» የሚሉኝም አሉ። እውነት አላቸው፣ ግማሽ። ማደያው ሲደርቅ ቤንዚን በጀሪካንና በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር እንደሚሸጥ እናውቃለን። ላምባ የተቀላቀለበት ከሆነ ኦክቴኑ ወርዷል፣ ሞተሩ ቶሎ ያንኳኳል። ታዲያ ቤንዚኑ አስተማማኝ በማይሆንበት አገር በጆሮ አድቫንስ መደርደር ይባስ ጥፋት አይሆንም ወይ? መጥፎ ቤንዚን ካለ ታይሚንጉ በቁጥር መታወቅ አለበት፤ ያኔ ብቻ ነው ስንት ዲግሪ መልሰህ እንደምትቀንስ የምታውቀው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ አንዴ የፈራ መካኒክ አለ። ያንኳኳል ብሎ በጣም ያዘገየዋል። የዘገየ እሳት ቤንዚኑን የሚያቃጥለው ፒስቶኑ ወደ ታች እየሸሸ ሳለ ነው። ጉልበቱ ወደ ጎማ መሄዱ ቀርቶ በማርሚታ ይወጣል። ሞተሩ ይሞቃል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዳገት ይጠላል። ከዚያ ምን ይደረጋል? ራዲያተር ይታጠባል። ቴርሞስታት ተነቅሎ ይጣላል። የውሃ ፓምፕ ይቀየራል። ካርቡራተሩ ሦስቴ ይፈታል። ዲስትሪቢዩተሩ እዚያው ተቀምጦ ይስቃል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ጡረታ የወጡ፣ ሁላችን ኦቦ እያልን የምናከብራቸው ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ መኪናቸውን የነካኩትን ጋራዦችም አልጠራም። አሮጌ ኮሮላ አላቸው። ሜዳ ላይ ደህና ስትሄድ ቆይታ በድንገት ትቆራረጣለች። አራት ጋራዥ ገብታለች። አንዱ ካርቡራተር ቀየረ፣ አንዱ የቤንዚን ፓምፕ፣ አንዱ ኮይልና ካንዴላ። አራተኛው «ሞተር ይውረድ» አላቸው። እስከዚያ የከፈሉት ገንዘብ አንድ ጥማድ በሬ ይገዛ ነበር።

እኔ ጋ ሲመጡ ብሎን አልነካሁም። ጠየቅኳቸው። «ኦቦ፣ የምትቆራረጠው ዳገት ላይ ነው ሜዳ ላይ?» አልኳቸው። «ሜዳ ላይ፣ እግሬን ላላ ሳደርግ። ዳገት ላይስ ደህና ናት» አሉኝ። በቃ፣ ግማሹ ሥራ አለቀ። ቤንዚን አልደርስ ብሎ ቢሆን ኖሮ የሚብስባት ዳገት ላይ ነበር። ጭነት ሲቀልላት የሚንቀሳቀስ ነገር ምን አለ? ቫኩሙ። የቫኩሙን ቱቦ ከካርቡራተሩ ነቅዬ፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ፣ በአፌ ሳብኩት። ሞተሩ ጥፍት አለ። ክዳኑን ከፍተን ስናይ ወደ ፑንቲናው የምትሄደው ቀጭን ሽቦ ላስቲኳ ደህና ነው፣ ውስጧ ያለው መዳብ ግን ተበጥሷል። ቫኩሙ ሳህኑን በሳበው ቁጥር ሽቦዋ ትለያያለች፣ ሲለቀው ትገናኛለች። ጥገናው ከጣት የማትረዝም ሽቦ ነበር። ለዚህች ሽቦ ነበር ሞተር ሊወርድ የነበረው!

ታዲያ ጥፋቱ የመካኒኮቹ ብቻ ነው? አይደለም። እዚህ ላይ ነው ባለመኪናዎችን የምቆጣው። አንድ ወጣት መካኒክ ያለኝን ስሙ፦ «ቲቸር፣ ለክቼ፣ ችግሩን አግኝቼ፣ ምንም ሳልቀይር ባስተካክላት ባለቤቱ ‹ምን ሠራህና ነው የምከፍልህ?› ይለኛል። አሮጌ ካንዴላ በእጄ ይዤ ‹ይኸው፣ ቀየርኩት› ካልኩት ግን ሳይከራከር ይከፍላል።» ምን ልበለው? እውነቱን ነው። እኛ የምንከፍለው ለብረት ነው። ለማሰብ፣ ለመጠየቅ፣ ለመለካት አንከፍልም። ሐኪም ቤት ሄደን ለምርመራ ስንከፍል አናጉረመርምም፤ ሳይመረምር መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ብናገኝ እንሸሻለን። ጋራዥ ስንደርስ ግን «ማየት ብቻማ በነፃ ነው» እንላለን። ስለዚህ ልጁ ለመብላት ሲል ይቀይራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ የሚያፈሰው እሱ፣ የሚለቅመው የናንተ ኪስ።

ተቃውሞ ብቻ ይዤ አልመጣሁም። ለልጆቼ ቅደም ተከተሉን በድጋሚ ልጻፈው። ከክፍል ውስጥ ያልጠፋችሁ ታስታውሱታላችሁ።

1ኛ. ጠይቁ። መቼ? ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? ዝናብ ላይ ነው? ዳገት ነው ሜዳ? ከምን ጥገና በኋላ ጀመረ? ይህ ጥያቄ ነፃ ነው፣ ከማንኛውም መሣሪያም ይበልጣል።

2ኛ. ባትሪውንና ሽቦውን እዩ። ኮይሉ የሚገባውን ቮልት ያገኛል ወይ? በድሮ ቮልሶች ላይ ደግሞ 6 ቮልት ናት 12 ብላችሁ ጠይቁ፤ ኮይሉ ከባትሪው ጋር ካልተስማማ ሌላው ልፋት ከንቱ ነው።

3ኛ. ክዳኑንና ሮተሩን አውልቁ። ስንጥቅ አለ? እንደ እርሳስ መስመር የቀጠነ ጥቁር የካርቦን መንገድ አለ? መሃል ያለችው ካርቦን አለች ወይስ ተበልታለች? ወለጋ በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ነው። ሰኔ ከገባ በኋላ ጠዋት አልነሳ የሚል መኪና ብዙ ጊዜ ክዳኑ ውስጥ ጤዛ ይዞ ነው ያደረው፤ በደረቅ ጨርቅ ጠርጉት። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ደግሞ እሳት በስንጥቅ ለማምለጥ ይቀለዋል። ማታ ጨለማ ውስጥ ኮፈን ከፍታችሁ ሞተር አስነሱ፤ ሰማያዊ ብልጭታ በሽቦዎቹ ላይ ሲሮጥ ካያችሁ ሌባውን ያዛችሁት። የሽቦዎቹንም ተራ ቁጠሩ፦ ኮሮላና ላዳ 1-3-4-2፣ ቮልስ 1-4-3-2። የለመደ እጅ የኮሮላን ተራ ቮልስ ላይ ሲሰካ አይቻለሁ።

4ኛ. የዲስትሪቢዩተሩን ዘንግ ያዙና ወደ ጎን ነቅንቁት። ከተነቃነቀ ቡሽው ተበልቷል። ያኔ የፑንቲናው ክፍተት በየዙሩ ይለያያል፣ ታይሚንጉም አብሮት ይዋልላል። ይህን ሳታዩ ፑንቲና መቀየር የሚያፈስ ጣሪያ ሥር አዲስ ምንጣፍ ማንጠፍ ነው።

5ኛ. የፑንቲናውን ክፍተት በፊለር ጌጅ ለኩ። ቮልስና ላዳ 0.4 ሚሊሜትር፣ የድሮ ቶዮታዎች በአብዛኛው 0.45። ይህ ከታይሚንግ በፊት ይሁን፣ በኋላ አይሆንም! ክፍተቱ ሲሰፋ ፑንቲናው ቀድሞ ይከፈታል፣ ታይሚንጉ ይቀድማል። ሲጠብ ይዘገያል። ታይሚንግ አስተካክሎ ከዚያ ፑንቲና የሚነካ ሰው ሥራውን በገዛ እጁ አፈረሰው። ፑንቲናው ላይ ጉድጓድና ጉብታ ከታየ፣ ወይም አዲሱ ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለ፣ ኮንደንሰሩን ጠርጥሩ። ከካርቶን የወጣ አዲስ ኮንደንሰር ሁሉ ደህና ነው ብላችሁ ግን አትመኑ፤ የሚሠራውን አሮጌ አትጣሉት፣ ኪሳችሁ ይግባ።

6ኛ. አሁን ታይሚንግ። መሣሪያ የለኝም አትበሉኝ፤ የ12 ቮልት አምፖልና ሁለት ሽቦ ይበቃል። የመጀመሪያውን ሲሊንደር ካንዴላ አውልቁ፣ ቀዳዳው ላይ ጣት አድርጉ፣ ሞተሩን በእጅ አዙሩ። አየር ጣታችሁን ሲገፋ መጭመቂያው ላይ ናችሁ። ይህን የምታደርጉት ክራንክሻፍት ሁለት ጊዜ ሲዞር ዲስትሪቢዩተሩ አንድ ጊዜ ስለሚዞር ነው፤ ምልክቱ ብቻውን ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ አንዱ የውሸት ነው። ቀስ ብላችሁ ምልክቱን በፋብሪካው ቁጥር ላይ አምጡት። አምፖሉን ከኮይሉ ኔጌቲቭና ከሞተሩ ገላ ጋር አገናኙ፣ ቁልፍ ክፈቱ። ዲስትሪቢዩተሩን ቀስ እያደረጋችሁ አዙሩ፤ ፑንቲናው በተከፈተባት ቅጽበት አምፖሉ ይበራል። እዚያ ላይ አጥብቁ። ሮተሩ ከሚዞርበት በተቃራኒ ካዞራችሁት ይቀድማል፣ ወደሚዞርበት ካዞራችሁት ይዘገያል። ይኸው ነው! ሙሉ ሚስጥሩ የአንድ አምፖል ዋጋ ነው።

7ኛ. አድቫንሱ ራሱ ይሠራል ወይ? ሮተሩን በእጅ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ክብደት ባለው ዲስትሪቢዩተር በስፕሪንጉ ፈጥኖ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ክብደቶቹ በደረቀ ግራሶና በአቧራ ተጣብቀዋል። የቫኩሙን ቱቦ በአፍ ሳቡ፣ ቀዳዳውን በምላስ ዝጉ፤ ሳህኑ ተስቦ ካልቆየ ውስጡ ያለው ላስቲክ ተቀዷል። ታይሚንግ ላይት ያለው ሰው ዙሩን ከፍ አድርጎ ምልክቱ ሲሸሽ ይይ።

8ኛ. ሁሉም ካለቀ በኋላ መንገድ ላይ ፈትኑ፤ ዳገት ላይ፣ በጭነት። ካንኳኳ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ መልሱና የመለሳችሁትን ጻፉ። ጆሮ ሥራው እዚህ ጋ ነው። ጆሮ ይመሰክራል እንጂ አይፈርድም።

«አባቶቻችን በጆሮ አይደል እንዴ የሠሩት?» ትሉኛላችሁ። እኔ የማውቃቸው ታላላቅ መካኒኮች በጆሮ ብቻ አልሠሩም። ከመስማታቸው በፊት በአምፖል አስተካክለዋል፣ ከሰሙ በኋላ ዳገት ላይ ፈትነዋል፣ ሲመለሱ ካንዴላውን አውልቀው ቀለሙን አይተዋል። ከነሱ የወረስነው ማዘንበሉን ብቻ ነው። ላዋቂ አክብሮት ማለት ሥራውን ሙሉውን መቅዳት ነው፤ አንገቱን ያዘነበለበትን ብቻ መቅዳት ማስመሰል ይባላል።

«ኤሌክትሮኒክ እናስገባበትና እንገላገል» የሚሉም አሉ። አልቃወምም። ጥሩ ሞጁል ከተገኘ ፑንቲና መፋቅ ይቀራል፣ ትንሽ የዘንግ መነቃነቅንም ይታገሳል። ነገር ግን የተጣበቁትን ክብደቶች አይፈታም፣ የተቀደደውን ቫኩም አይሰፋም፣ በጆሮ የተዞረውን ታይሚንግ አያስተካክልም። ሳይለኩ ያስገቡት ኤሌክትሮኒክ አሮጌውን ስህተት በአዲስ ዕቃ መሸፈን ነው። አስገቡ፤ ግን አሮጌውን ፑንቲናና ኮንደንሰር መሣሪያ ሳጥን ውስጥ ያዙ። ነጆ መንገድ ላይ ሞጁል የሚሸጥ ሱቅ አይጠብቃችሁም።

ካርቡራተሩም ሁልጊዜ ንጹሕ ነው አልልም። ለባሕር ወለል የተመጠነ ጂግለር በእኛ ከፍታ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። እውነተኛ ችግር ነው። ግን ካርቡራተር የሚስተካከለው እሳቱ ልክ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው። ተራው ከተገለበጠ በተሳሳተ እሳት ላይ የተሳሳተ ቤንዚን ታስማማለህ፤ ሁለት ስህተት ተቃቅፎ ለአንድ ሳምንት ይሄዳል፣ ከዚያ ሁለቱም ይጣላሉ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። «ዲስትሪቢዩተር የሞተ ቴክኖሎጂ ነው፤ ለምን እናስተምራለን?» ይህን ሲሉ የሰማኋቸው መምህራንም አሉ። እኔ ግን እላለሁ፦ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር የቤንዚንና የናፍጣ የግል መኪና እንዳይገባ መወሰኑን ይፋ አድርጓል። ውሳኔው ልክ ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወው። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፦ ዛሬ እጃችን ላይ ያለው አሮጌ መኪና ነገም አብሮን ይኖራል። ኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ለማይችል አስተማሪ፣ ለነጋዴዋ፣ ለገበሬው ልጅ ያለችው ያቺው አሮጌ ናት። እሷን በሕይወት የሚያቆይ እጅ ከሌለን ምን ይተካታል?

አዲስ መኪና ያላችሁ፣ አሁን እናንተ ጋ ደረስኩ። ስካነሩ «ሦስተኛው ሲሊንደር ይዘላል» ብሎ ሲያወጣ ልጁ ወዲያው ኮይል ያስገዛችኋል። ስካነሩ ኮይል ቀይር አላለም እኮ! ሲሊንደሩ እየዘለለ ነው አለ፣ በቃ። እሳት ነው? ቤንዚን ነው? መጭመቂያ ነው? ያው የድሮው ጥያቄ ነው፣ ያው ቅደም ተከተል ነው። ከተማውን የሞሉት ባጃጆች ዲስትሪቢዩተር የላቸውም፤ ሲዲአይ ነው እሳቱን የሚቆጣጠረው። መርሁ ግን ከቮልሷ አይለይም፦ እሳት በሰዓቱ። በፑንቲና ማሰብ የተማረ ልጅ በስካነርም ያስባል። መቀየር ብቻ የተማረ ልጅ ስካነር ብትሰጠው ይበልጥ በፍጥነት ይቀይራል፣ ሌላ ምንም አይጨምርም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ።

ባለመኪናዎች፦ ዲስትሪቢዩተራችሁን የነካ መካኒክ ሁሉ ሦስት ቁጥር በወረቀት ጽፎ ይስጣችሁ። የፑንቲናው ክፍተት ስንት ሆነ? ታይሚንጉ ስንት ዲግሪ ላይ ቆመ? ዙሩ ከፍ ሲል እስከ ስንት ዲግሪ ደረሰ? ሦስተኛው ታይሚንግ ላይት ይፈልጋል፤ ከሌለው ቢያንስ ሮተሩንና ቫኩሙን መፈተኑን ይጻፍ። ቁጥር ከሰጣችሁ፣ አንድም ዕቃ ባይቀይር፣ ሙሉ ዋጋውን ክፈሉት። አመስግናችሁ ክፈሉት። ቁጥር የሌለው ከሆነ ግን «በረረች» ቢላችሁም ወደ ዴዴሳ አትውረዱ።

ተማሪዎቼ፦ ነገ ጠዋት አንድ አምፖልና ሁለት ሜትር ሽቦ ግዙ። ጋራዣችሁ ግድግዳ ላይ በሚታይ ቦታ ስቀሉት። «ለምርመራ ይከፈላል» የሚል ጽሑፍም ከጎኑ ለጥፉ። የመጀመሪያው ወር ደንበኛ ያጉረመርማል፣ አውቃለሁ። የመጀመሪያዋ መኪና ዴዴሳን ሳታንኳኳ ስትወጣ ግን ባለቤቷ ራሱ ሌላ ደንበኛ ይዞላችሁ ይመጣል።

የማትስማሙ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጠብቁኝ፤ ግን በቁጥር ኑ። ክፍተቱን፣ ዲግሪውን፣ የሞተሩን ዓይነት ይዛችሁ ኑ፣ እስከ ሌሊት እንከራከራለን። ለባለመኪና ወዳጆቻችሁም አድርሱልኝ።